የግራ ደረት ባጅ

የአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ቢሻክር፣ አንባቢ ሆይ፣ ምን ይጎድልብሃል?

ቺጉሳ ከኅብረ ዝማሬ ውድድር ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የሚጥል በሽታዋ ለመድኃኒት አልበገር ብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሞች በግራ ደረቷ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ትንሽ መሣሪያ አስገቡላት። በሽታው እንዳይጥላት በየሦስት ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ የአንገቷን ነርቭ ይነካል፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ይሻክራል።

ርዕሰ መምህሩ ኦባ አስከሬኗ በአገሩ ወግ ገና ሳይቃጠል ለአራት መቶ ወላጆች ደብዳቤ ላከ፦ ቤተሰቡ መሣሪያውን በቅጡ አልተከታተለም። ከዚያ ወዲያ እናቷ ታማኪ ስትመጣ ጎረቤት መንገድ ይቀይር ጀመር።

መርማሪ ሆዙሚ እናቲቱን፣ የዝማሬ መምህርቷን ኩራሞቺን፣ የትምህርት ቤቱን ነርስ ኒሺናንና ኦባን በሙዚቃ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቀደም ብላ ሁሉንም ጠይቃለች። ኩራሞቺ የአርባውን ልጆች ባጅ በቀኝ ደረታቸው በመርፌ የሰካሁት እኔ ነኝ ብላለች። ነርሷ ያን ቀን ከትምህርት ቤት አልወጣችም፤ አውቶቡሱ ሲደርስ ሮጣ ብትገባ የልጅቷ ደረት ላይ ባጅ አልነበረም።

ሆዙሚ የውድድሩን የድምፅ ቅጂ ከፈተች። አንዲት ልጅ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ብቻዋን ትዘምራለች።

«ይቅርታ፣ ይህቺ የማን ልጅ ናት?» አለች ታማኪ።

«የእርስዎ።»

«የኔዋ ስምንት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ አይጠራላትም።»

እናት የልጇን ጥርት ያለ ድምፅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማች፤ ማስረጃ ሆኖ።

«ድምፅዋ ከጠራ መሣሪያው ቆሟል» አለች ሆዙሚ። «ማግኔት ከላዩ ከተቀመጠ ይቆማል፤ እስኪነሣም አይሠራም። ወይዘሮ ታማኪ ይህን ጽፈው ለመምህርቷና ለነርሷ ሰጥተዋል፤ እንዲጠነቀቁ። ይህን ከሚያውቁት ከሦስቱ በውድድሩ አዳራሽ የነበረችው አንዷ ብቻ ናት። ልጆቹ ከውድድሩ በኋላ በተነሡት ፎቶ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ባጅ በቀኝ ነው፤ የቺጉሳ በግራ። ሸሚዟ ግን የመርፌ ቀዳዳ የለውም። መምህርት፣ ባጁን ምን ያዘው?»

«ማግኔት» አለች ኩራሞቺ፤ «ድምፅዋ እንዳይሻክር። ከፎቶው በኋላ ላነሣላት ነበር። ረሳሁት።»

«አንሺልኝ አላለችዎትም?»

«ሁለት ጊዜ። የወርቅ ዋንጫ ያገኘ ልጅ አይነጫነጭም አልኳት።»

«በሕይወት ሳለች ረሱት። ከሬሳዋ ላይ ማንሣቱን ግን አልረሱም።»

ኦባ ተነሥቶ በታማኪ ፊት ወገቡን አጠፈ። ግንባሩ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ለእኔ አያጎንብሱ» አለችው። «ደብዳቤዎ አራት መቶ ቤት ገብቷል። ነገ በአዳራሹ፣ በአራት መቶው ፊት ይቁሙና ይመልሱ፤ ልጄን የገደላት ማን ነው?»