ከገጽ ሠላሳ ሁለት በኋላ

አቶ ሀብተሚካኤል የሞቱት ከመሰላል ወድቀው ነው፤ ቢያንስ ሰው እንዲያምን የተፈለገው ይህንን ነበር።

ኢንስፔክተር ዳሲቱ ጠዋት ቃሊቲ ወደሚገኘው የመጻሕፍት ግምገማ ቢሮ ስትደርስ አስከሬኑ መጋዘኑ ወለል ላይ ተዘርግቷል፤ መሰላሉም አጠገቡ ተጋድሟል። ውጭ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሊያወርዱ ወጡ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔንም ያልገባኝ እሱ ነው» አለች በሩን የከፈተችው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ፀሐይቱ። ዓይኗ በለቅሶ በርበሬ መስሏል። «የዘንድሮዎቹ መጻሕፍት እታች ካርቶን ውስጥ ናቸው። ላይኛው መደርደሪያ ባዶ ነው።»

ዳሲቱ ቀና ብላ አየች። መደርደሪያው ላይ ማንም ያልነካው አቧራ ተኝቷል። ደሙ ደግሞ የደረቀው ከመሰላሉ ርቆ፣ የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። መሰላሉን ያመጣው ሰው ችኩል እንጂ ብልጥ አልነበረም።

ቢሮው ለትምህርት ቤቶች የሚገቡ የልጆች መጻሕፍትን ይመርጣል። ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሟቹ፣ ወይዘሮ አሰጋሽና ወጣቱ ፊሮምሳ። የደራሲው ስም በፖስታ ይታሸግና መጽሐፉ በኮድ ብቻ ይታደላቸዋል። ቅጹን በኮምፒውተር ሞልተው ያሽጉታል፤ እስከ ውይይቱ ቀን አንዱ የሌላውን አያይም። በሟቹ ጠረጴዛ ላይ የተገኘው ቅጽ ኮድ ዐሥራ አራት ለተባለው መጽሐፍ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። «ገጽ አርባ አንድ ላይ ልጅቷ ድልድዩን ስትሻገር የሚያሳየው ሥዕል ልጆችን ይማርካል» ይላል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ» አለችው ፊሮምሳን።

«ያልተጨቃጨቅንበት ቀን የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ቂሊንጦ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቋቸው።»

«ዐሥራ አራትን እንዴት አየኸው?»

«ቅጼ ታሽጓል። ከፍተው ቢያዩት ይሻላል።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጥቁር ከላያቸው ያልወረደ ሴት ናቸው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቢሮዬ። ስወጣ ሀብቴ ደህና ነበር፣ ልጄ።»

«ዐሥራ አራትን ወደውታል?»

ፊታቸው ፈካ አለ። «ልጅቷ ድልድዩ መሃል ቆማ እናቷን የምትጣራበት ቦታ አለ። እሱን አንብቦ የማይወድ ሰው ልብ የለውም።»

ዳሲቱ የሦስቱንም ገምጋሚዎች ቅጂ አስመጥታ ገጽ በገጽ አገላበጠች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይቱን፣ ፊሮምሳንና አሰጋሽን ሰበሰበቻቸው።

«ሦስቱም ቅጂዎች ከገጽ ሠላሳ ሁለት ወደ አርባ ዘጠኝ ይዘላሉ» አለች። «ማተሚያ ቤቱ ሲጠርዝ ዐሥራ ስድስት ገጽ ረስቷል። ፊሮምሳም ቅጹ ላይ ይህንኑ ጽፏል። በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ የሟቹን ቅጽ የሞላው ሰው ድልድዩን የት አየው?»

ወደ አሰጋሽ ዞረች።

«ወይዘሮ አሰጋሽም ጠዋት ስለ ድልድዩ ነገሩኝ። የእርስዎም ቅጽ ገጽ ጎደለ አይልም። የራሱን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የጎደለውን ከልቡ እየሞላ ያልፋል።» የታሸገውን ፖስታ ቀደደችው። «ደራሲ፦ እምነት አሻግሬ። አሻግሬ የባለቤትዎ ስም ነው። ልጅዎ ናት?»

«ነበረች» አሉ አሰጋሽ። ድምፃቸው ለመስማት ያስቸግር ነበር። «እኔ ጽፌ በእሷ ስም አስገባሁት። ገምጋሚ የራሱን ማቅረብ ክልክል ነው። ስሟ ልጆች አፍ ላይ እንዲኖር ብዬ ነው፤ ሌላ ምን ቀረኝ? ትናንት ሀብቴ መጋዘን ውስጥ ‹ዐሥራ አራት እንዲህ ሆኖ አያልፍም› አለኝ። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ገፈተርኩት። መሰላሉን ያመጣሁትም፣ ቅጹን የሞላሁለትም እኔ ነኝ።»

ሟቹ ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ሐሳባቸውን በእርሳስ የሚያሰፍሩበት ደብተር ዳሲቱ እጅ ላይ ነበር። ባታነበው በወደደች። አነበበችው።

«‹ዐሥራ አራት። የጎደሉት ገጾች ይምጡ። እኔ ለልጆቻችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ሲሟላ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።›»

አሰጋሽ ደብተሩን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ኋላ «አሁንስ ልጆቹ ያገኙት ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ደንቡን የሚያውቀው ፊሮምሳ አንገቱን ደፋ። ዳሲቱ ልትዋሽላቸው ከጅሏት ነበር።

«አያገኙትም» አለችና ሦስቱንም ቅጂዎች ማስረጃ መያዣው ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው።