ስም የማይጠይቅ ደብተር

ገብረአብ እስክሪብቶውን ከእናናየሁ ተቀብሎ ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ሲያይ ግን ቶሎ ቀና አለና «ነገ እጽፋለሁ» ብሎ መለሰላት። ከጠዋት ጀምሮ «ነገ» ያላት እሱ ስድስተኛው ነው።

ገጹ ምን ጎደለው? በማስመሪያ አስምራ «ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ» ብላ በቀይ ጽፋበታለች። ከሥሩ ያለው ግን የእሷና የጓደኛዋ የየሺጥላ ስም ብቻ ነው።

የደብተሩ ሐሳብ የመጣላት ደመና ስታይ ነው። ጠዋት በከተማቸው በጎረቤላ ዳር ላይ ስትቆም ቆላው በሙሉ በነጭ ደመና ተሞልቶ ታያለች። የቆላዋ ከተማ አሊዩ አምባ ከዚያ ሥር ናት። እዚያ ያለ ልጅ ቀና ሲል ምን ያያል? ማታስ ምን ያልማል? እንግዲህ ደብተሩ በገበያ ቀን ከነጋዴው ከጋሽ ዓወል ጋር ይወርዳል፤ የታቾቹ ይጽፉበታል፤ ሲመለስ የላዮቹ መልስ ይሰጣሉ። መዋጮ የሚባል ነገር የለም። መምህር ገብረአማኑኤል ሲሰሙ ደስ ብሏቸው «እስከ ሰኞ ሃያ አባል ካስመዘገብሽ ክበብ ይሆናል፤ ከቤተ መጻሕፍቱም አንድ መደርደሪያ እሰጥሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው በህልሟ ሳይቀር እየመጣ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደብተሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለቴም የታች ልጅ ሳይጽፍበት ተመልሷል።

«ስሞቹን እኛው ፈጥረን እንሙላ» አለ የሺጥላ። «ማን አሊዩ አምባ ድረስ ወርዶ ይቆጥራል? ፋራ አትሁኚ!»

እናናየሁ መደርደሪያውን አሰበችና «ፈረጅ፣ 15» ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ። ይህ ፈረጅ የሚባል ልጅ ቀና ብሎ ደመና አይቶ አያውቅም። ሊነግራት የሚችለው አንዳች ነገር የለም።

ደብተሩን ይዛ ወደ ገበያው ሮጠች፤ የሺጥላም ተከተላት። ጋሽ ዓወል አህያቸውን እየጫኑ ነበር።

«ጋሽ ዓወል፣ ታች ለምንድን ነው ማንም የማይጽፍልን?»

ሰውዬው ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሽር ልጄ ወላሂ ሊጽፍ ፈልጎ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ዕድሜ የሚለውን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠው። አምና እንዲህ የተሰመረ ወረቀት መጥቶ ነበር፣ ልጄ። የተመዘገቡት ወደ ጦሩ ሄዱ። እስካሁን አንዳቸውም አልተመለሱም።»

እናናየሁ በሃፍረት ፊቷ ጋለ። ገብረአብ ዘንድሮ ድንገት ረዝሟል፤ እናቱ እንዳይወሰድባት ፈርታ ገበያ መላኩን ትታለች። ይህን እያወቀች ነው ያን ገጽ ያሰመረችው!

ገጹን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው።

«ኧረ! መደርደሪያውስ?» ብሎ ጮኸ የሺጥላ። ቅዳጁን ሊነጥቃት ሲል አህያዋ ቀደመችውና ማኘክ ጀመረች። ጋሽ ዓወል ሳቃቸው አመለጣቸው።

እናናየሁ በአዲሱ ገጽ አናት ላይ «ስም አያስፈልግም። ደመናው ከእናንተ ዘንድ ምን ይመስላል?» ብላ ጻፈች። ደብተሩን ስትሰጣቸው ጋሽ ዓወል ወደ ጭነቱ አልከተቱትም። በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ስም ካልተጠየቀ… እኔም እችላለሁ? በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ እኮ።»

ደብተሩን ሲያመላልሱላት አንድም ቀን ይጽፉ እንደሆነ ጠይቃቸው አታውቅም። እስክሪብቶውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ደብተሩን ጭነቱ ላይ አስደግፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ አንድ ፊደል ጻፉ። «ከታች ጣሪያ ነው። ልጅ ሳለሁ እናንተ ጣሪያው ላይ የምትሄዱ ይመስለኝ ነበር።»

እናናየሁ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አህያዋ ቁልቁል መውረድ ስትጀምር ደመናው መንገዱን እስከ ግማሹ ሸፍኖት ነበር።

«ሰኞ መምህር ስንት ሆናችሁ ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?» አለ የሺጥላ።

ጋሽ ዓወል ደመናው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

«አላውቅም እላቸዋለሁ» አለች።