የጸዳው የባሩድ መስፈሪያ

ሃርላን ብሬከ ከመተኮሻ አግዳሚው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። የአደን ጠመንጃው መዝጊያው ላይ ፈንድቶ አጠገቡ ወድቋል። መርማሪ ቬርና ስቶል ከመኪናዋ ሳትወርድ የኮልድ ፎርክ ከተማ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፦ ዓይኑ ደክሟል፣ ባሩድ አብዝቷል። በሞንታና እንዲህ ያለ ፍርድ ዳኛ አይጠብቅም።

ሚስቱ አይዴላ ግን መርማሪዋን እጇን ይዛ አስቀረቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጥይቱን በእጁ ሲሠራ አንድም ቀን አልሳተም። ጃጅቶ ራሱን ገደለ ተብሎ እንዲቀበር አልፈልግም።»

ቬርና ከሟቹ አማች፣ ከልጁ ባል ከክሊፍ ጀመረች። መሬቱ እንዲሸጥ ሲጨቀጭቅ የከረመ ሰው ነውና ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። እሱ ግን ጥይት ከሱቅ እንደሚገዛ፣ ሃርላን ጥይት በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የቱ ዕቃ ለምን እንደሚሆን እንኳ እንደማያውቅ ነገራት። ቀጥሎ የሟቹ ወንድም አርቪድ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፀደይ ጀምሮ እንደ ሕፃን ተኳርፈዋል። አርቪድ የሽጉጥ ጥይቱን እዚያ ሠርቶ የተረፈውን ባሩድ፣ ከላይ ተሞልቶ ለየጥይቱ ለክቶ በሚያወርደው መስፈሪያ ውስጥ ትቶ ሄዶ ነበር፤ ሃርላንም ሁለተኛ እንዳትመጣ ብሎ አባረረው።

«ከዚያ ወዲህ ገብተዋል?» አለችው።

«እግሬም አልረገጠ» አለ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ።

ቬርና የሥራ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቆየች። ሃርላን ያልተኮሳቸው ጥይቶች በተሠሩበት ተራ ቆመዋል። አረራቸውን እየነቀለች ባሩዳቸውን መዘነች። ከዚያ ማጉያ መነጽር አነሳች። መስፈሪያውንም አገላብጣ አየች፤ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆበታል። ስትጨርስ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ባሩድ አላበዛም» አለች። «ሁሉም እኩል ይመዝናል። ሚዛን ግን ክብደት እንጂ ዓይነት አይናገርም። በተራው መጀመሪያ ያሉት ጥይቶች ውስጥ ከክቡ የጠመንጃ ባሩድ ጋር ጠፍጣፋ ቅንጣት አለ። የሽጉጥ ባሩድ ነው፤ ቶሎ ይነድዳል፣ ጠመንጃ ይሰነጥቃል። በባዶ ዓይን ማንም አይለየውም። ከኋላ ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው።»

ክሊፍ አርቪድን አየው። «እና ሰው ጨመረበት?»

«ለመግደል የፈለገ የሃርላንን የባሩድ ቆርቆሮ ሙሉውን ይበጠብጠው ነበር። ይኼ ግን ከላይ ብቻ ነው የፈሰሰው፣ ከመስፈሪያ የተረፈ ያህል። መስፈሪያውም በብሩሽ ተጠርጓል፤ አንተ ብትሆን መቦረሹን አታውቅም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ አርቪድ፣ አባታችሁ ስለ ባሩድ ያስተማራችሁ ሕግ ምን ነበር?»



«ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆርቆሮ ብቻ» አለ አርቪድ። «መስፈሪያው ውስጥ ያለውም የዚያው ነው፤ ሲተርፍ ወደዚያው ይመለሳል።»

«እርስዎ የገቡት እሁድ ሃርላንና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው» አለች ቬርና። «መስፈሪያውን በሽጉጥ ባሩድ ሞልተው የራስዎን ቆርቆሮ ወደ ቦርሳ መለሱ። ሃርላን ደግሞ የእሱን የጠመንጃ ባሩድ ቆርቆሮ ለከሰዓት ሥራው ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶት ነበር።»

«የተረፈውን እንዳልተውበት ብዬ...» አርቪድ እጆቹን አያቸው። «ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መለስኩት። እጄ ከልጅነቴ የለመደውን ነው ያደረገው። እንዳይቆጣኝ ብዬ በራሱ ብሩሽ ጠረግኩለት።»

አይዴላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ባሏ አልሳተም፤ ይህንኑ ነበር የፈለገችው። አሁን ግን ለማን እንደምትነግረው ጠፋባት።

«አይቶት ነበር» አለች በመጨረሻ። «እሁድ ለምሳ ሲገባ ይስቃል። ‹ያ ግትር መጥቶ ነበር፤ መስፈሪያዬን እንደ መስታወት አድርጎት ሄዷል፣ በስተርጅና ሰው ሆነ› አለኝ። ጠመንጃውን ሞክሮ ሲመለስ ሊደውልልህ ነበር፤ ለአጋዘን አብራችሁ እንድትወጡ።»

አርቪድ ተነሳ። ወደ ቬርና ሄዶ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋላት። እሱን የምታስርበት ሕግ እንደሌላት ቀስ ብላ ነገረችው። ሰማት፤ እጁን ግን አላወረደም።