ለከርሞ የታጠፈ ቀሚስ

ያኔ፣ ስፌት ቤቱ ገና አንድ ክፍል ሳለ፣ ሠራተኞቹ አዲሷን ዲዛይነር «ካፖርት» ይሏት ነበር። ምን ያድርጉ! ካውያው ክፍሉን እያጋለው እንኳ ካፖርቷን አታወልቅማ።

«እዚህ እኮ መስቀያ አለ» አላት ቆራጩ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ እንደሰካ።

«ግድ የለም፣ ተመችቶኛል።»

«ግንባርሽን ግን አልተመቸውም፤ ላብ በላብ ሆኗል።»

ሳቋ አመለጣት። ጉድ የሠራችው ያቺ ሳቅ ናት! ቆራጩ የዚያን ቀን ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጎ ቆረጠ።

እናቷ የሞተችባት ገና በልጅነቷ ነው። ከአክስት ቤት ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ሩቅ ዘመድ ስትዞር አደገች። ክፉዎች አልነበሩም፣ ለምን ይዋሻል። ብቻ በማንም ቁም ሳጥን ውስጥ ልብሷ ተሰቅሎ አያውቅም። ከሻንጣ ይወጣል፣ ተመልሶ ሻንጣ ይገባል። «ሂጂ» ከመባሏ በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ ለመደባት።

ከሻንጣው ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ በእጇ የሰፋችላት ትንሽ ቀሚስ። ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ታጥፏል። «ለከርሞ ስታድጊ እንፈታዋለን» ብላት ነበር። ከርሞ መጣ፤ እናት ግን አልነበረችም። እጥፋቱም ሳይፈታ ቀረ።

ወራት አለፉ። ቆራጩ ማታ ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሸኛት ጀመር። አውቶቡሱ ሲዘገይ ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር፤ አይናገሩትም እንጂ። አንድ ቀን ደፍራ ያንን ቀሚስ አመጣችለት።

«የልጆች ልብስ ልጀምር ነው። ከዚህ ላይ ልኩን አውጣልኝ» አለችው። ታሪኩን ግን አልነገረችውም። እንዴት ብላ ትጀምረው?

ቆራጩ ሊያስደስታት ጓጓ። ቀሚሱን ወረቀት ላይ ዘረጋው። ወፍራሙ እጥፋት አልተኛ አለው። መቀሱን አነሳና... ቀጥ አድርጎ ቆረጠው።

«ምን አደረግህ?!»

«ትርፉን አነሳሁልሽ...»

«ትርፍ? በየሰው ቤት ትርፍ የነበርኩት እኔ ነኝ! ይሄ ትርፍ አይደለም። እናቴ ለነገዬ ያስቀመጠችልኝ ነው!»

በሩን በርግዳ ወጣች። ካፖርቷን ለመልበስ እንኳ አልቆመችም፤ ለብሳዋለቻ።

በማግስቱ ሥራ አልገባችም። በሦስተኛው ቀን የተከራየችበት ክፍል በር ተንኳኳ። ቆራጩ ነበር፤ ጣቶቹ በመርፌ ተበሳስተዋል። ቀሚሱን ዘረጋላት። እጥፋቱ ተመልሶ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ግን እንደ ሰካራም እግር ይንገዳገዳል።

«መስፋት እንደማልችል ታውቂያለሽ። የስፌት ቤቱ ልጆች እንርዳህ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «አንድ ነገር ግን ላሳይሽ...»

እጥፋቱን ገለጠው። ቀሚሱ ከውጭ ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሏል። ከውስጥ ግን ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ቢጫ ነው፤ ቦግ ያለ ቢጫ!

«ቢጫ ነበር እኮ!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ከልጆች መሃል ከሩቅ እንድለይሽ ትለኝ ነበር... ረስቼው ነበር፣ ወይኔ እናቴ!»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ስትል እሱም አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እኔም ከሩቅ እለይሻለሁ። በካፖርትም ቢሆን። ብቻ አትሂጂብኝ... እኔ የትም አልሄድም።»

ጠማማውን ስፌት በጣቷ ዳበሰችው።

«ስፌትህ ያስጠላል» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አውቃለሁ። ይፈታ?»

«እንዳትነካው!»

ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤት ገባች። ካፖርቷን አወለቀችና መስቀያው ላይ ሰቀለችው። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። «እንግዲህ ምን ብለን ልንጠራት ነው?» አለ አንዱ፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ስንት ዘመን አለፈ! ዛሬም እሷ የምትሠራው የልጅ ልብስ ሁሉ ጫፉ በሰፊው ይታጠፋል። በቀደም ልጃቸው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ነበር፤ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል። አባት መቀሱን ሲያነሳ እናትና ልጅ ባንድ ድምፅ ጮኹበት፦

«አንተ ተው!»

እናት ክሩን በእጇ አንድ በአንድ ፈታችው። ቀሚሱ ወርዶ ጉልበቷን ሸፈነላት፤ ጫፉ ላይ ደማቁ ቀለም ወጣ።

«እማዬ፣ ታቹ ለምን አዲስ ሆነ?»

እናት ባሏን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ልጇን እቅፍ አደረገቻት።

«ከርሞ ደርሶልሽ ነዋ፣ የኔ እናት።»