ከመርከብ መልስ

አቶ ካሳዬ በሕይወት ሳሉ ለማንም መንገድ ለቀው አያውቁም፤ ሞተውም አልለቀቁም። በሲኤምሲው ቪላቸው ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን በሚያወጣው ጠባብ ኮሪደር ላይ ተዘርረው፣ የሚያልፈው ሁሉ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋቸው ነበር። አጠገባቸው ገና ያልተፈታ ሻንጣ ቆሟል።

መርማሪ ሃረገወይን ስትደርስ ረቡዕ እኩለ ቀን ሆኗል። በር ላይ የተቀበላት ለእርዳታ የተጠራው የጎረቤት ሐኪም ነው።

«ልብ ድካም ነው ልል ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ሲያስመልሳቸው ነበር። ‹ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል› ይሉ ነበር አሉ። የልብ መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ እንዲህ ያደርጋል። እሳቸው ደግሞ የልብ በሽተኛ አይደሉም።»

«በሽተኛው ማነው?»

«ባለቤታቸው።»

ሃረገወይን ሰው ከማናገሯ በፊት ማዕድ ቤት ማየት ትወዳለች፤ ዕቃ እንደ ሰው አያለቅስም፣ አይምልም። የወይዘሮ ምንትዋብ መድኃኒት ማንም ሊደርስበት በሚችል መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ፓኮው ባዶ። ጠረጴዛው ላይ እምነት የተበጠበጠበት ጸበል በሃይላንድ ተቀምጧል። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ከግራጫው የእምነት አመድ በታች ነጭ ዱቄት ዘቅጧል። ቀጥላ የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተች። የእንቁላል ቅርፊት ነበረበት። ክዳኑን መልሳ ወጣች።

ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል። ባላቸው ኮሪደር ላይ ተጋድመው እንኳ እንግዳ ማስተናገድ አልረሱም።

«ልጄ፣ በባዶ ሆድሽ አትቁሚ። ረቡዕ ሆነብኝ እንጂ ትኩስ ወተት አቀርብልሽ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ጸበሉን ማን ቀዳላቸው?»

«እኔ ነኛ። በየጠዋቱ እኔው ነኝ። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥዬ እኔ፣ ከዚያ ልጆቹ።»

«ዛሬም ጠጡ?»

«ጠጣሁ» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ፤ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ።

የሟች ታናሽ ወንድም ይትባረክ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ይጮኻል። አትላስ አካባቢ ሆቴል አለው፤ ጩኸቱም ሠራተኞቹ ላይ የለመደው ጩኸት ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ከጉዞ ሲመለሱ የተወውን ሻንጣውን ሊወስድ እዚህ ቤት መጥቶ ነበር።

«ምን ትዞሪያለሽ? ገዳይዋ ጓዳ ተኝታለች! የወንድሜ ልጅ የኢያሱ ሚስት፣ ሉዋም! ጸበሉን አልነካችም። ለምን አልነካችም? ጠይቂያት!»

«ምን አድርገዋት ነው የምትገድላቸው?»

ይትባረክ መቆጣቱን ተወ።

ሽርሽሩ የአቶ ካሳዬ ሐሳብ ነበር። እኩዮቻቸው ጡረታ ወጥተው ውጭ አገር እየዞሩ ፎቶ ሲልኩላቸው አንጀታቸው አርሮ፣ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ምራታቸውንና ወንድማቸውን ይዘው ከዱባይ በሚነሣ ትልቅ መርከብ ተሳፈሩ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰማያዊ ባሕር ከክፍላቸው አይታይም፤ ክፍሉ መስኮት የለውም። መዋኛው ሰው በሰው ነው። ምግቡ ሁሉ ሥጋና ዓይብ ሆነና ወይዘሮ ምንትዋብ ዓርብ ዕለት ልጃቸው እንዳይገድፍ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ እያወጡ አበሉት፤ ሚስት ያገባ ሰው ሆኖም ጾሙን የሚጠብቁለት እሳቸው ናቸው። አቶ ካሳዬ ደግሞ የተቀየመውንም ራሱን ያዞረውንም አሰልፈው «ሳቁ!» እያሉ ፎቶ ያስነሱ ነበር።

«ሉዋም እርጉዝ ነበረች» አለ ይትባረክ። «በስንት ስለት የመጣ ፅንስ መሰለሽ። መርከቡ ላይ ደም ታያት። ሐኪሙ ወደብ ላይ ወርዳ ሆስፒታል ትግባ አለ።»

«ታዲያ?»

«የሁላችንም ፓስፖርት ካሳዬ ኪስ ውስጥ ነው። ‹ጀምሬ ያቋረጥኩት ነገር የለም፤ እርግዝናም በሽታ አይደለም› አለ። ኢያሱ እግሩ ላይ ወደቀ። አልሰማውም። መርከቡ ወደቡን ለቀቀ፤ ፅንሱም ባሕር ላይ ቀረ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ይትባረክ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። «እኔ ምን እላለሁ? ታላቄ ነው።»

ሉዋም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ራስጌዋ ሻይና ደረቅ ዳቦ እንደቀረበ ቀዝቅዟል። ሃረገወይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጸበል አልጠጣሽም አሉ።»

«ደሜ አልቆመም። እንዲህ ሆኜ ጸበል አልነካም፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃል» አለች ሉዋም ሳትዞር። «ብትጠረጥሪኝ ግን አልፈርድብሽም። ሞቱን ተመኝቼዋለሁ።»

«ቁርሱን ማን አመጣልሽ?»

«አማቴ ናቸው። አልበላልሽ አለኝ።»

ኢያሱን በረንዳው ላይ አገኘችው። ፂሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

«አንተስ ጸበሉን ጠጣህ?»

«አልጠጣሁም። በልቼ ነበር።»

በልቶ ጸበል አይጠጣም፤ ይህን ለሃረገወይን የሚያስረዳት አያስፈልግም። ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ትታው ገባች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እሷን ግን ከበዳት። ከዚህ ቤት የምታወጣው እውነት ማንንም እንደማያድን ገብቷት ነበር።

አስከሬኑ ለምርመራ ከተወሰደ በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን መትከል ጀምረዋል።

«ጸበሉ ውስጥ የተፈጨ መድኃኒት አለ» አለች ሃረገወይን። «ስሙን ላቦራቶሪው ይነግረናል። ምሬቱን እምነቱ ሸፍኖታል። ጠርሙሱን ከትናንት ጀምሮ አራታችሁም ልታገኙት ትችሉ ነበር።»

«እኔን ደግሞ ለምን ትጨምሪያለሽ?» አለ ይትባረክ።

«ትናንት እዚህ ነበሩ። ግን ከእርስዎ እጅ ቢሆን ኖሮ አቶ ካሳዬን ተከትለው ሚስታቸውም በሞቱ ነበር። ለሉዋምና ለኢያሱም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ከአባት ቀጥሎ እናት እንደምትጠጣ ያውቃሉ። እናታቸውን ለመግደል ምክንያት የላቸውም።»

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ምንትዋብ ዞረች።

«እርስዎ ጠጣሁ ብለውኛል። ጤነኛውን ሰው የጣለ ጸበል የታመመ ልብ ይዘው ጠጥተው ምንም አልሆኑም። አልጠጡም። ለምን ዋሹኝ?»

ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ኢያሱ፣ ዛሬ ቁርስህን ማን ሠራልህ?»

«እማዬ ናት።»

«ምን?»

«እንቁላል...» ኢያሱ ቀና አለ። «ረቡዕ አይደል ወይ ብያት ነበር። መንገዱ ጎድቶሃል፣ የታመመ አይጾምም አለችኝ። አጠገቤ ቆማ አስጨረሰችኝ።»

«የታመመ አይጾምም፤ እውነት ነው» አለች ሃረገወይን። «ግን እዚህ ቤት ውስጥ ከሉዋም የባሰ ታማሚ የለም። ለሷ የቀረበላት የጾም ሻይና ደረቅ ዳቦ ነው። ወይዘሮ ምንትዋብ፣ መርከብ ላይ እንኳ ጾሙን የጠበቁለትን ልጅ ዛሬ ለምን አስገደፉት? ሉዋም ጸበሉን እንደማትነካ ያውቃሉ፤ አልሠጉላትም። የሚጠጣው ኢያሱ ነው። ካልበላ በስተቀር።»

ከውጭ ካስማ ሲመታ ይሰማል። ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ሌላ ነገር ብሰጣቸው ያሸቱታል» አሉ። «ጨው በዛ፣ ቀዘቀዘ፣ እጅሽ አይጣፍጥም። ሳይናገሩኝ ከእጄ የሚቀበሉት ጸበል ብቻ ነበር። እኔም ልከተላቸው አስቤ ነበር። ኩባያዬን እንዳነሣሁ እሳቸው ሲጠጡ አየኋቸው፤ ያን ጊዜ ያለሳቸው አንድ ቀን መኖር አማረኝ። ይኸው ኖርኩት።»

«እማዬ!» አለ ኢያሱ።

እናቱ ግን የሚያዩት ሉዋምን ነበር። «ለልጅሽ ብዬ ነው፣ የኔ ዓለም። ደሙን ዝም ብዬ ልለፈው?»

ሉዋም ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«የእኔ ልጅ ስም እንኳ አልወጣለትም። በሱ አሳብበው ሰው አይግደሉ። ያኔ መርከቡ ቆሞ ሳለ አንዲት ቃል ቢናገሩ ይበቃኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ቁጭ ብለው መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበር።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም እግሩ ላይ ወደቅክ። እኔ የምጠብቀው እጅህን ኪሱ ውስጥ እንድትሰድ ነበር።»

ይትባረክ መሬት መሬቱን ያያል። ሉዋም እያዘገመች ወደ ክፍሏ ገባች፤ ቁልፉ ሲዞር ሁሉም ሰሙት።

ወይዘሮ ምንትዋብ ሳይያዙ፣ ሳይገፉ፣ ራሳቸው ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዱ። ኢያሱ ሃረገወይንን ክንዷን ያዛት።

«ለቀብሩ ትለቂያታለሽ?»

«አልችልም።»

«አብሬያት ልሂድ እሺ? ብቻዋን ናት። ብቻዋን አድራ አታውቅም።»

«አባትህን ከሆስፒታል ማን ያወጣል?» አለችው ሃረገወይን። የምትለው ሌላ ነገር ቢኖራት ደስ ይላት ነበር።

ኢያሱ መሀል ግቢ ቆሞ ቀረ። መኪናው በሲኤምሲ መንገድ ሚኒባሶቹ መሀል ገብቶ ጠፋ። የዕድሩ ዳኛ እጃቸውን እያራገፉ ቀረቡት፤ የሆነውን አልሰሙም።

«አይዞህ ልጄ። ሰው እየደወለ ነው። ነገ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው እንበል? እናትህንስ ማን ይደግፋት?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ ኢያሱ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ ወደ ውስጥ ገባና የሉዋምን በር አንኳኳ። አልከፈተችለትም።