ባለቤቱ የራቀበት ዛፍ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፹፮ ዓ.ም.፣ የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በኩዊንስላንድ ምድር ከባሕሩ ወዲህ ባለው ረጅም ተራራ ላይ ቦንዪ የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ፍሬው ጎመራ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ተነስቶ የዛፎቹን ወገብ ይሸፍንና አናታቸው ብቻ እንደ ጉልላት ብቅ ብሎ ይታያል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጭጋጉ ይቀደዳል፤ የሰው ራስ የሚያህለው ፍሬ ከላይ ሲወርድ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ልጆችም ከዛፍ ሥር እንዳይቆሙ ይጮኽባቸዋል። በሦስት ዓመት አንዴ የሚመጣ የጥጋብ ወራት ነው። በዚያ ዓመት ግን ከፍሬው ድምፅ ጋር ሌላ ድምፅ ነበረ፤ ከምሥራቁ ተረተር በኩል መጋዝ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል።

ለቦንዪው ግብዣ የተጠሩት የአገሬው እንግዶች ገብተው ሰፍረዋል። የመልእክት በትር፣ ግብዣ የተቀረጸበት እንጨት፣ የደረሳቸው ሁሉ፣ ከባሕር ዳር የሰባት ቀን፣ ከምዕራቡ ሜዳ የአሥር ቀን መንገድ መጥተዋል። የባሕር ሰዎች ዛጎልና የሸምበቆ ጨሌ፣ የሜዳ ሰዎች ቀይ አፈርና የጦር እንጨት፣ የተራራው ሰዎች ፖሰም የሚባለውን የዛፍ ላይ እንስሳ ቆዳ ደበሎ በየጥላው ሥር ዘርግተው ይለዋወጣሉ። ዘፈንም ይለዋወጣሉ፤ አዲስ ዘፈን ያመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያስጠናል፣ ያጠናው ደግሞ ወደ አገሩ ይዞት ይመለሳል። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በዚያ ወር ጦራቸውን ያጋድማሉ። እንግዳው ግን ሕግ አለበት፤ ከቦንዪ በቀር ከአስተናጋጁ አገር አንዲት ዋላቢ፣ ትንሿን ካንጋሮ እንኳ፣ አይገድልም፤ ዛፉም ላይ ከባለቤቱና ከባለቤቱ ልጅ በቀር ማንም እግሩን አያሳርፍም። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት ነበረውና።

ከሁሉም የምትበልጠው ዛፍ ባለቤት ዋንዱር ይባላል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረቱ ታሞ ሲያስል ጎኑን ይዞ ይጎብጣል። በዛፏ ግንድ ላይ ከሥሯ እስከ አናቷ የእግር አውራ ጣት የምትይዝ መርገጫ ተፈልፍሏል፤ የታችኞቹን አያቱ በድንጋይ ምሳር፣ የላይኞቹን አባቱ በብረት ምሳር የቆረጧቸው ናቸው። የሞተ ሰው ስም በዚያ አገር አይጠራም፤ ስለዚህ አያቱም አባቱም ስም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው መርገጫው ነው። ልጅ በእንግዶች ፊት፣ የሐረግ ቀለበቱን በወገቡ አዙሮ፣ በዚያ መርገጫ ወጥቶ ፍሬ ሲያወርድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዛፏ ባለቤት ይባላል። ልጅ ያልወጣባት ዛፍ ግን አባትየው ሲሞት የማንም ናት።

የዋንዱር ልጅ ያሪን ገና አልወጣም። እንጨት መሰንጠቂያው ዘንድ በሬ ነጂ ሆኖ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ነጮቹ ቶቢ ይሉታል። ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው ዛሬ ነገ ይለዋል። ዋንዱር ደግሞ የሚቀጥለውን ቦንዪ እንደማያይ የደረቱ ሳል ነግሮታል።

በዚያ ሳምንት የመሰንጠቂያው አለቃ ክራዶክ በፈረስ ወደ ሰፈሩ ወጣ። ከፈረሱ አልወረደም።

«ኪንግ ቢሊ» አለ፤ ዋንዱርን እንዲህ ነው የሚጠራው። «ኤልስዊክ ከተማ የእርሻ ትርኢት አለ። ሰዎችህን ይዘህ ወርደህ ብትጨፍሩልን? ሦስት ቀን ነው።»

«እዚህ እንግዳ አለብኝ» አለ ዋንዱር።

«እንግዶችህንም አምጣቸው። ሥጋና ዱቄት አለ። ስትመለስ ቶቢን አምስት ቀን እለቅልሃለሁ፣ ያቺን ዛፍህን ይውጣባት።»

«እናንተስ?»

«እኛ ምን?»

«መጋዛችሁ ወደዚህ እየመጣ ነው። ድምፁ አምና ከወንዙ ማዶ ነበር።»

ክራዶክ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገ። «ፍሬዋ እስኪያልቅ ማንም አይነካትም። ቃሌ ነው።»

ዞሮ ሲወርድ የዋንዱር ታላቅ እህት ጊላጋን፣ ጥርስ የሌላት ግን ምላሷ ያልደነዘ ሴት፣ ከእሳቱ ዳር ሆና ሳቀች። «ሰውየው ሲምል ፈረሱ እንኳ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ አየኸው ወንድሜ?»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ከባሕር ሰዎች መሪ የነበረው ኩምባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ፣ የቦንዪ ፍሬ እየፈለፈለ ነበር። «እኛም ዘንድ ቃሌ ነው ብለው ነበር» አለ። «ዛሬ ባሕሩን የምናየው በአጥር ቀዳዳ ነው።»

ዋንዱር ግን ሐሳቡን ቆርጦ ነበር፤ የቆረጠውም ከሞኝነት አይደለም፣ ከሕግ ነው። በእሱ አገር ሕግ ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ዛፍ የነካ ሰው ጠብ ፈለገ ይባላል፤ ዱላ ተማዘው፣ ተፈነካክተው፣ ማታ አብረው ይበላሉ። ባለቤቱ በሌለበት የነካ ግን ሰው ከሚባለው ይወጣል፤ እሳት የሚያካፍለው አይገኝም። ስለዚህ ማንም ሩቅ አገር ሲሄድ ዛፉን አደራ አይልም፤ ርቀቱ ራሱ ጠባቂ ነው። ዋንዱር በሕይወቱ ባለቤቱ በራቀበት የተነካ ዛፍ ሰምቶ አያውቅም።

«እዚህ ከተቀመጥኩ» አለ፣ «ከሰውየው ጋር ተፋጥጠን መቆማችን ነው፤ መጋዝ ይዞ ሊጋፋኝ ይችላል። ከሄድኩ ግን እንዴት ይነካታል? እኔ በሌለሁበት?»

«እነሱ እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው እንዴ?» አለች ጊላጋን።

«ይህንንማ የማያውቅ ሰው አለ?»

ጊላጋን እንጨት ወደ እሳቱ ገፋች።

በማግስቱ አርባ ያህል ሰዎች ወረዱ። ኤልስዊክ በዚያ ሳምንት በሰው ተጥለቅልቃ ነበር፤ በአጥር በተከበበው ሜዳ ላይ ጥጃ የሚያህል ዱባ፣ በጠርሙስ የታሸገ ማርማላታ፣ ቀንዳቸው በዘይት የተወለወለ በጎች፣ በቅርጫት የተደረደረ ፖም ተቀምጦ ዳኞች ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። የነሐስ መለከት ያለው ጓድ አንዱን ዜማ እየደጋገመ ይነፋል። የተራራውን ሰዎች ከከብቶቹ ጋጣ ጀርባ አሰፈሯቸው። ዱቄቱ ተሰጠ፤ ሥጋው ግን የበግ ራስና ሆድቃ ነበር።

«ገበያቸው ደስ ይላል» አለች ጊላጋን። «ዱባውን ያሳያሉ እንጂ አይሰጡም። እኛ ዘንድ ዛጎል ያሳየ ሰው ዛጎሉን ይዞ አይገባም።»

ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የማረሻው ውድድር ሲያልቅ፣ ነጭ አፈር ተቀብተው በትርኢቱ ክብ ሜዳ መካከል ጨፈሩ። የጨፈሩት ኩምባል ከባሕር ያመጣውን አዲሱን ዘፈን ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ዓሣ እንዴት እንደሚዘል የሚናገር። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ ዳቦ ወረወረ። ዋንዱር በሁለተኛው ቀን በጭፈራው መሐል ሳሉ ተነሥቶበት ከክቡ ወጣ፤ እጁን ሲያነሳ መዳፉ ላይ ደም ነበረ፤ በሣር ጠረገው።

«ነገ አልቆ ከነገ ወዲያ ቤታችን ነን» አለችው እህቱ።

«ያሪን ሲወጣ ከሥር ሆኜ ነው የማየው» አለ። «አባቴም እንደዚያ ነው ያየኝ። አንገቱ አመመው።»

ሦስተኛው ቀን የሰልፍ ቀን ነበር። ከፊት መለከተኞቹ፣ ቀጥሎ የከተማው ሹማምንት በሠረገላ፣ ቀጥሎ የተሸለሙ ኮርማዎች አለፉ። በመጨረሻ በሃያ በሬ የሚጎተት የመሰንጠቂያው ጋሪ መጣ፤ መንኮራኩሩ ከክብደት የተነሳ ሣሩን እያረሰ ይሄድ ነበር። በላዩ አንድ ጉማጅ ተጭኗል፤ ወርዱ የሰው ቁመት ሊያህል ጥቂት የቀረው፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ የተቆረጠበት ፊት ገና ሙጫ የሚያነባ። ከበሬዎቹ ጎን ጅራፉን አጋድሞ የሚሄደው ያሪን ነበር። ጫማ አላደረገም።

ዋንዱር ቅርፊቱን አየ። መርገጫዎቹ በሰልፍ ተደርድረዋል። ከሥር አምስተኛዋ ወደ ግራ ያዘነበለች ናት፤ አያቱ እሷን ሲፈለፍል እጁ ቆስሎ እንደነበረ ለአባቱ፣ አባቱም ለእሱ ነግሮታል። አምስተኛዋ ወደ ግራ አዘንብላ ነበር።

አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

ዳኞቹ በገመድ ለኩ፤ ሰማያዊ ሪባን በሚስማር መቱባት። ክራዶክ በሰዉ መካከል እየተላለፈ መጣና ዋንዱርን ትከሻው ላይ መታው። «አንደኛ ወጣች ኪንግ ቢሊ። በዚህ ወረዳ እንዲህ ያለ እንጨት ታይቶ አይታወቅም። ልትኮራ ይገባሃል።»

«ፍሬዋ አላለቀም ነበር» አለ ዋንዱር።

«ትርኢቱ ዛሬ ነዋ። ፍሬ እስኪያልቅ ማን ይጠብቀናል?»

«እኔ አልነበርኩም።»

«ያው ነው» አለ ክራዶክ፤ እውነትም አልገባውም። «ብትኖርስ ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ወደ ዳኞቹ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ያሪን በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ጋጣው ጀርባ መጣ። የተራራውም የባሕሩም ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ቦታ የለቀቀለት የለም። አባቱ ወደ መሬት ያያል። የተናገረችው ጊላጋን ናት።

«የአያትህን ጀርባ በጅራፍ ነድተህ መጣህ፤ አንተ የእኔ ልጅ?»

«አክስቴ፣ ልናገር።»

«ተናገር። አፍህን አላሰሩትም።»

ያሪን ቆሞ ቀረ። «ከወንዙ ማዶ እንጨት ስጎትት ነበር። አወዳደቋን ሰማሁ፤ የእሷን ከሌላው እለያለሁ። በሬዎቹን ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ ተኝታለች። አራት ነበሩ፣ ሻይ እየጠጡ። ሌላ ነጂ ሊጭናት ጠምዶ መጣ፤ እኔ እጭናለሁ አልኩ።»

«ለምን?» አለ ዋንዱር። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ሊቆምባት ነበር አባባ። ጫማ አድርጎ።»

«እኔ ጫማዬን አወለቅኩ» አለ ያሪን። «ከሥሯ ጀመርኩ። መርገጫውን አንድ በአንድ እየረገጥኩ እስከ አናቷ ሄድኩ። ሐረጉንም በወገቤ አዙሬ ነበር፤ አላስፈለገም። ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ አንደኛው ሊወድቅ ነው ያዙት አለ።»

ዋንዱር ራሱን ቀና አደረገ። የመርገጫዎቹን ቁጥር አባት ለልጁ አይነግርም፤ በእግሩ የወጣ ብቻ ያውቀዋል። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ስንት ናቸው? በጆሮዬ ንገረኝ» አለ።

«ሰማንያ ሦስቱን ረገጥኩ። ቀጥሎ ስትወድቅ የተሰበረችበት ነው፤ አንዷ እዚያ ላይ ጠፍታለች። እግሬን ባዶው ላይ አሳርፌ አለፍኩ። ከእሷ በላይ ቅርንጫፍ ነው።»

ዋንዱር ዓይኑን ጨፈነ። ሰማንያ አራት ነበሩ።

ከዚያ ወደ ኩምባል ዞረ። የሚመሰክረው እንግዳ ነውና የሚጠየቀው እንግዳ ነው። ኩምባል ጢሙን ሲጎትት ቆየ።

«የተኛ ዛፍ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። «ሰምቼም አላውቅም።» ቀጥሎ ያሪንን «ወደቅክ?» አለው።

«አልወደቅኩም።»

«ፍሬ አወረድክ?»

ያሪን ከትከሻው ያወረደውን ከረጢት ፈታ። በውስጡ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከግንዱ ሥር ተጨፍልቋል። ኩምባል ሰነጠቀው፣ በውስጡ ከተደረደሩት ትናንሽ ፍሬዎች አንዷን ፈልፍሎ ጥሬዋን አኘከ፣ ቀስ ብሎ ዋጠ።

«የዛፏ ባለቤት አንተ ነህ» አለ። «በባሕር ዳር እናገራለሁ።»

ፍሬው በየእጁ ዞረ። ሁሉም ቀመሱ። ዋንዱር ዘንድ ሲደርስ በመዳፉ ይዞ ቆየና ሳይበላ ለልጁ መለሰለት።

ዋንዱር በዚያው ክረምት ሞተ፤ ስሙም መጠራቱ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ዛፎች፣ የቀሩት፣ እንደገና አፈሩ፤ የመልእክት በትር ግን ከዚያ ተራራ አልወጣም፤ የሚጠራ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን የሚጠሩት መንግሥት ለአገሬው ሰው ባቆማቸው መጠለያ ጣቢያዎች ተበትነው፣ ያለ ወረቀት መንገድ መሄድ ተከልክለው ነበር። የኤልስዊክ ጋዜጣ ስለዚያ ትርኢት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ የዱባው ባለቤት ስም፣ የኮርማው ዘር፣ የጉማጁ ዙሪያ በጫማና በኢንች፣ የሪባኑ ቀለም አልቀረም፤ ስለ ጭፈራው «ልጆቹን አስደስቷል» የሚል አንድ መስመር አለ። ጉማጁ ተሰንጥቆ የከተማው ሹማምንት የሚሰበሰቡበት ጠረጴዛ ሆነ፤ ቅርፊቱ መልክ ያበላሻል ተብሎ በመጥረቢያ ተላጠና ለማገዶ ሄደ።

ያሪን ቦንዪ በሚያፈራበት ዓመት ሁሉ ከጣቢያው እየጠፋ ጉቶዋ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ የመንግሥት ቀያሽ አግኝቶት ምን ትሠራለህ ቢለው «ዛፌን እጠብቃለሁ» አለው፤ ቀያሹ በመዝገቡ ላይ «ሥራ ፈት» ብሎ ጻፈ። የዛፏን ዙሪያ ጋዜጣው በትክክል ጽፎታል። ቁመቷ ግን የትም አልተጻፈም፤ ያወቀው በእግሩ የቆጠረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ለማንም አይነግርም፤ ሕጉ እንደዚያ ነበርና።