የሮቦቱ አፍ

«ዕቃውስ?»

«አልወጣም።»

አጎት የመኪናውን መስታወት ዘጋ። የእጥበቱ ውሃ ከላይ ወረደ። መኪና እጥበት ቤት ለምስጢር ይመቻል፤ ከውጭ የሚሰማው ጩኸቱ ብቻ ነው።

አጎት የሥጋ ዘመዷ አይደለም፤ የስለላ አለቃዋ ነው። የእሷ የምስጢር ስም መርፌ ነው። ሽፋኗ አፍ መሳል። የምትሠራበት ስቱዲዮ ስለ አንዲት የተበላሸች የጠፈር መንኮራኩርና ስለ ነገረኛ ሮቦቷ የሚያስቅ የካርቱን ፊልም ያዘጋጃል። እሷ ድምፁን እየሰማች ለሮቦቱ አፍ ትስላለች። ሮቦቱ «አ» ሲል ይከፈታል፣ «ም» ሲል ይዘጋል። ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

ድምፁ የሞተ ሰው ድምፅ ነው።

ደወል ይሉት ነበር። እሱም የእነሱው ሰው ነው፤ ተዋናይ መስሎ ከእሷ በፊት የገባ። ቅዳሜ የሚተላለፈውን ክፍል ድምፅ ቀድቶ በጨረሰ ዕለት ከስቱዲዮው የኋላ ደረጃ ወድቆ ሞተ። «እግሩ አዳልጦት ነው» አለ አጎት በቀብሩ ላይ፣ እንባው ሸሚዙን እያራሰ። አሁን ደግሞ ያልተቆረጠውን ቅጂ አምጪ ይላታል። ደወል የከሃዲውን ስም በቀልዱ መሃል ደብቆ ሳይናገር አልቀረም፣ አንቺ ግን እንዳትሰሚው።

አፍ የሚስል ሰው ሳይሰማ በምን ይስላል? አጎት ይህን አላሰበበትም። ሌላም የማያውቀው ነገር ነበር። የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ መቅጃውን አያጠፋም። ተዋናይ ሳቁ የሚያምረው ሥራው አለቀ ብሎ ሲዝናና ነው ባይ ነው፤ እሱ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ እንኳ መቅጃው እየሠራ ይቀራል።

መርፌ ከመጨረሻው ቀልድ በኋላ የደወልን ትንፋሽ ፍለጋ ትንሽ አለፍ ብላ አዳመጠች። በር ሲከፈት ተሰማ።

«ሰዎቻችንን ለጠላት እንደሸጧቸው ለበላይ ልናገር ነው» አለ ደወል።

«ና እስቲ፣ ደረጃው ጋ ወጣ ብለን እናውራ።»

የአጎት ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮቦቱ እንቅልፏ ውስጥ ይገባል። አይወቅሳት፣ አይለምናት። ያንኑ ቀልድ ይነግራታል።

«ለምንድን ነው ያልወጣው?» አለ አጎት። ብሩሹ መስታወቱን እየላሰ አለፈ።

«ከመቅጃው ክፍል አይወጣም። ለቀጣዮቹ ክፍሎች ተተኪ ድምፅ እየፈተኑ ነው። እርስዎ ተፈታኝ ሆነው ይግቡና ራስዎ ይውሰዱት።»

«እኔ ልቀልድ?»

«በቀብሩ ላይ አይቼዎታለሁ። ይችሉበታል።»

አጎት ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየ። ውሃው ቆመ።

«እሺ» አለ።

የበላዮቹ ቅጂውን ከመርፌ ተቀብለው ቀድመው ሰምተው ነበር። ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል፣ አይበቃንም፣ አስለፍልፊው አሏት።

በማግስቱ አጎት ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ዳይሬክተሩ የመንኮራኩሯን ካፒቴን ቦታ ሊያነብለት ከመስታወቱ ወዲህ ተቀመጠ። ከመርፌ ጀርባ ሁለት ሰዎች ማዳመጫ አድርገዋል። ለዳይሬክተሩ «ስፖንሰሮች ናቸው» ተብሎታል።

«ካፒቴን፣ ሥራ ልለቅ ነው» አለ አጎት።

«በሩ ያውልህ።»

«ችግሩ እሱ አይደል? በሩን ስከፍተው ሁላችሁም አብራችሁኝ ትለቃላችሁ።»

ዳይሬክተሩ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ እስካሁን የት ተደብቀው ነው?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስነበበው።

መርፌ አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ ደወልን እየሰማች የሳለችው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለአጎት ድምፅ ልክክ ይላል።

የመጨረሻውን ገጽ የጻፈችው እሷ ነበረች።

«ና እስቲ» አነበበ አጎት፣ «ደረጃው ጋ ወጣ ብለን…»

ቆመ።

በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ሰምተሻላ።»

«ሥራዬ አፍ መሳል ነው» አለች። «መስማት ነበረብኝ።»

በሩን ገፋው። ከውጭ ተቆልፏል።

መቅጃው ይሠራል።

«ስገፋው እጄን ያዘው» አለ አጎት በመጨረሻ፣ ለማይክሮፎኑ እንደሚናዘዝ። «ያ እጅ እስካሁን አልለቀቀኝም።»

ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫቸውን አወለቁ። አንደኛው አጎትን በኋላ በር ይዞት ወጣ። ሌላው የደወልን ድምፅ በሙሉ ለማስረጃ ሰበሰበ።

«አንዲት ቃል እንኳ አይተዉልኝም?» አለች መርፌ።

«አንዲትም። አንቺም ብትሆኚ እዚህ አልነበርሽም።»

ቦርሳዋን ስታነሳ ዳይሬክተሩ ከድምፅ ቀጂው ጋር ይጨቃጨቃል።

«ፊልሙ ለቅዳሜ ነው፤ ድምፁን ወሰዱት። በምን ላስተላልፈው?»

«የሰውየው ፈተና አለ እኮ። ከአፉ ጋር ገጥሟል።»

«በቃ እሱን አስገባው። የደረጃውን ነገር ግን ቁረጥልኝ፤ አያስቅም።»

መርፌ አፏን ከፈተች። እዚህ ያልነበረ ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከራል? ዘጋችው።

ቅዳሜ በሌላ ከተማ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በሌላ ስም ተቀምጣለች። ከፍ ብሎ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሮቦቱ ብቅ አለ።

«ካፒቴን፣ ሥራ ልለቅ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። «ኧረ ይሄ ነገረኛ» አሉ ከጎኗ ያሉት እናት፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ድምፁ ራሱ ያስቃል። አይደል የኔ ልጅ?»

«አዎ እማማ።»

ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች። ድምፁ ሄደ፤ አፉ ብቻ ቀረ። ሲከፈት ደወልን ሰማችው። ሲዘጋም ሰማችው።

አውቶቡሱ ሲጠራ ተነሳች። ቦታዋ ላይ ወዲያው ሌላ ሰው ተቀመጠ።